አጎቴ ያላዩት ራእይ

አጎቴ የህትመት ሠዓሊ ናቸው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ማተሚያ ቤት ያላቸው ይመስለዋል። ያላቸው ግን ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታቸው ጓሮ በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ክፍል፣ ስድስት መሮ፣ አንድ የጎማ ሮለርና ጀርባው ያለቀ የእንጨት ማንኪያ ብቻ ነው። የዋንዛ ሳንቃ ላይ ምስል ይቀርጻሉ፤ ሳይቀረጽ የቀረውን ፊት በሮለር ቀለም ይቀቡታል፤ ወረቀት ያለብሱትና በማንኪያው ጀርባ ቀስ እያሉ ያሹታል። ወረቀቱን ከአንድ ጥግ ይዘው ሲያነሡት ምስሉ ከሳንቃው ወደ ወረቀቱ ተሻግሮ ይመጣል። ከአንድ ሳንቃ ሃያም ሠላሳም ያትማሉ።

ስለ እሳቸው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ጽፌ ነበር። ያ ጽሑፍ ተጨብጭቦለታል። ይህን ሁለተኛውን የምጽፈው በመጀመሪያው ውስጥ ውሸት ስለነበረና ውሸቱ የጎዳው እኔን ስላልሆነ ነው።

ቡሬ ካምፓስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወላጆቼ ከማንኩሳ ገባ ብሎ ባለ ገጠር አራሾች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት ግን ፍኖተ ሰላም፣ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። ልጅ የላቸውም። አራት ዓመት አብልተው፣ አልብሰው፣ ስታመም አስታመው አስተምረውኛል። ይህን ያነሣሁት ያጠፋሁት በማን ላይ እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲታወቅ ብዬ ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ የጽሑፍ መምህራችን የአንድ የአካባቢ ባለሙያ ታሪክ እንድንጽፍ አዘዙን። የተሻሉት በካምፓሱ የባህል ቀን አዳራሽ ውስጥ እንደሚለጠፉ ነገሩን። እኔ ጥሩ ተማሪ ነኝ መባል እወዳለሁ። መምህር ጥያቄ ሲጠይቅ ባላውቅም እጄ ቀድሞ ይነሣል። የዚያኑ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ፤ ጥያቄዎቼን በቁጥር በቁጥር ጽፌ ነበር።

ጋሼ መሮ እየሳሉ መለሱልኝ። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ዲቁና ተቀበሉ፤ ከዚያ ቀለም ትምህርት ገቡ፤ ሥዕል ይችላል ተብለው አዲስ አበባ ተላኩ፤ እዚያ እንጨት ቀርጾ ማተምን ተማሩ። ሲመለሱ በዚህ ከተማ ህትመት ሥዕል የሚገዛ አልነበረም። ስለዚህ ማኅተም ቀራጭ ሆኑ።

«ለየዕድሩ፣ ለየማኅበሩ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ቀርጫለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ እኔ ካልቀረጽሁ በዚህ ከተማ የሚቀጠርም የሚባረርም አልነበረም።»

እትዬ በር ላይ ሽሮ እየነፉ ነበር። «እጃቸውም አብሮ ታትሟል» አሉ። «የተጋባን ዕለት እንኳ ጥፍራቸው ጥቁር ነበር። እናቴ የከሰል ነጋዴ አገባሽ ወይ ብላኛለች።»

በኋላ ማኅተም በኮምፒውተር መሠራት ሲጀምር የጋሼ ሥራ ቀዘቀዘ። ያኔ ወደ ልጅነታቸው ተመለሱ፤ የቅዱሳንን ሥዕል በእንጨት ቀርጸው ማተም ያዙ። ለጽዋ ማኅበራት፣ ለሰንበት ተማሪዎች፣ ለሚፈልግ ሁሉ ይሰጣሉ። የሰው እጅ የሚበዛበት ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት የሚያወጣው የገብርኤል ሥዕል ነው።

ከወረቀቴ ላይ ሰባተኛውን ጥያቄ አነበብሁ፤ «ጋሼ፣ የሥራዎ መንፈሳዊ መነሻ ምንድን ነው?»

«መነሻ?» አሉ። «እኔ የምነሣው ከአልጋ ነው፤ እሱም እትዬሽ ሲቀሰቅሱኝ።»

ከዚያ ግን መሮውን አስቀመጡ። አባታቸው በማኅሌት ዘመናቸውን ሁሉ ቆመው ነው ያሳለፉ። የሚደገፉባት መቋሚያ ራስ ላይ፣ ብብታቸው ያረፈበት ቦታ፣ ጎድጎድ ብሎ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ጋሼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ያቺን ጎድጓዳ ሲያዩ ትጠፋብኝ ይሆን ብለው ሰጉ። የምጣድ ጥላሸት ቀቡባትና የደብተር ወረቀት ለጠፉባት። ወረቀቱ ሲነሣ ዙሪያው ጥቁር፣ አባታቸው የተደገፉበት ቦታ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«የመጀመሪያ ህትመቴ እሷ ናት» አሉኝ። «ሰው እግዚአብሔር ፊት ቆሞ ሲደክመው እንጨቱም ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የምቀርጸው ያንኑ ነው። ሌላ የለኝም። ይበቃሻል?»

ይበቃኛል አልሁ፤ ጻፍሁትም። አሁን ሳስበው ይህን የሚያህል ነገር ሰው በእጄ ሰጥቶኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን ትንሽ መሰለኝ።

ለመምህራችንም ትንሽ መሰላቸው። ረቂቄን መልሰው ሲሰጡኝ «ንጹሕ ጽሑፍ ነው» አሉ። «ግን መንፈሳዊ መነሻው ደከም ይላል። መቋሚያ ... እሺ። የተጠሩበት አንድ ቅጽበት የለም? የተገለጠላቸው ነገር?»

«አለ» አልሁ።

መምህሩ ዋሺ አላሉኝም። ሲጠይቁኝ ፊታቸው ላይ ተስፋ አየሁ፤ ያን ተስፋ ባዶ መመለስ አልቻልሁም። ለሰው ደስታ ብዬ ነው እንዳልል ደግሞ፣ የተለጠፈ ጽሑፌን እያሰብሁ ነበር።

ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ በአንድ ሰዓት ተኩል ጻፍሁት። በዐቢይ ጾም፣ ጋሼ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ሲሠሩ፣ ክፍሏ በብርሃን ተሞላች፤ መልአኩ ገብርኤል ከሳንቃው ወዲያ ቆመ፤ በጣቱ እንጨቱን ሲነካው መስመሩ በራሱ ወጣ፤ ጋሼም የታያቸውን ቀረጹ። እንዲታመንልኝ የማውቀውን ሁሉ አስገባሁበት፤ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ድምፅ፣ እትዬ ከውጭ ሲጠሯቸው አለመስማታቸው። ያደግሁበትን ቤት ለውሸቴ ምስክር አድርጌ አቆምሁት። መቋሚያዋን አወጣኋት፤ ሁለቱ አብረው አልሄዱም።

ለባህል ቀኑ ስድስት ህትመት ጋሼን ለምኜ አመጣሁ። ምን እንደጻፍሁ አልጠየቁኝም። «እንዳይታጠፉ» ብለው በካርቶን መሐል አድርገው ሰጡኝ። መምህራችን ጽሑፉን ከፍ ባለ ድምፅ አነበቡት። ሰው አጨበጨበ፤ አንዳንዱ አማተበ። ተማሪው ሁሉ በስልኩ አነሣው። ሳምንት ሳይሞላ በከተማው የቴሌግራም ቡድኖች እየዞረ ነበር።

እትዬ ደወሉልኝ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር የመሰላቸው።

«አንቺ፣ ጋሼሽ መልአክ አዩ እየተባለ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ስንተኛ ለእኔ ሳይታየኝ ለብቻቸው አዩ?»

«ሰው ያወራል እትዬ» አልሁ። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ዕድሜ ሲጠግቡ፣ ንስሐ ገብተው፣ አብረው ሊቆርቡ ይወስናሉ። ቀላል ነገር አይደለም። ከቆረቡ በኋላ አነጋገርም አኗኗርም ይለወጣል፤ ሰውም በሌላ ዓይን ያያል። እትዬ ይህን ለዓመታት ሲጠብቁ ነበር። ጋሼ «ይህችን ሳንቃ ልጨርስ፣ ያቺን ልጨርስ» እያሉ ያቆዩአቸዋል። ዘንድሮ እሺ አሉ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሊቆርቡ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ጨረሱ። እትዬ የሁለታቸውን ነጭ ልብስ አሰፍተው፣ አጥበው፣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር። እናቴም ከማንኩሳ ልትመጣ፣ ዘመድ ሁሉ ተነግሮታል።

ሁለተኛ ሲደውሉ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ንስሐ አባታቸው፣ የእኔም ንስሐ አባት የሆኑት ቄስ፣ ጽሑፉን ሰው በስልክ አሳይቷቸው ጋሼን አስጠሯቸው። ራእይ አየሁ ማለት በቤተ ክርስቲያን እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቀኖና ሰጧቸው፤ አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። እስከዚያ ቁርባን የለም። ታኅሣሥ ገብርኤል ከአርባው ቀን በፊት ይውላል።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽ?» አሉኝ።

«መጥቼ እነግርዎታለሁ» አልሁ።

መንገድ ተዘግቶ ነበር ብል የሚጠራጠረኝ አልነበረም፤ በዚህ ዘመን መንገድ ይዘጋል። ያን ሳምንት ግን ክፍት ነበር። ከቡሬ መናኸሪያ ሚኒባሶቹ «ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም» እያሉ ሲጠሩ በየቀኑ እሰማለሁ። ፈተና አለብኝ አልሁ፤ የነበረብኝ የአሥር ነጥብ ጥያቄ ነበር። እንዲህ ስል ዘጠኝ ቀን አለፈ። ዘጠኙንም ቀን ጋሼ ሰግደዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ በጓሮው ክፍል ውስጥ ነበሩ። የግራ ጉልበታቸው በሽተኛ ነው። ይወድቃሉ፤ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ፤ ለመነሣት የሥራ ጠረጴዛቸውን እግር ይዘው ራሳቸውን ይጎትታሉ። እትዬ በር ላይ ቆመዋል። ልስማቸው ስጠጋ ጉንጫቸውን አልሰጡኝም።

«ተማሪ ነሽ፣ ቁጥር ታውቂያለሽ» አሉ። «አሥራ ስምንት ደርሰዋል። ከዚያ ቀጥዪላቸው።»

እኔም ቆሜ ቆጠርሁ። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ አርባ አንድ። በመሐል ጋሼ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ቀጠሉ። ሲጨርሱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ጽሑፌ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዳሩ ላይ የጥቁር ቀለም አሻራ አለበት።

«አነበብሁት» አሉ። «መልአኩን አሳምረሽ ነው ያቆምሽው። እኔ እንዲያ አድርጌ ቀርጬው አላውቅም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለቅሶ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ለምን የኔ እንደሆነ አልነገሯቸውም? ለምን የኔን ተሸከሙት?»

«ያንቺን አልተሸከምሁም» አሉ። «ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልሁ። ረጋ ብለው ነገሩኝ። ወሬው የተሰማ ዕለት ሁለት ሴቶች መጥተው እጃቸውን ሳሙ። ከልጅነት እስከ ሽበት በዚህ ከተማ ሲቀርጹ ያን እጅ የሳመ ሰው አልነበረም። አላየሁም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ዘጉት። በማግሥቱ ሌሎች መጡ፤ ሥዕሉን ጠየቁ፤ ሰጡ፤ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት «ክንፉ እንዲህ ነበር ወይ ሲያዩት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንዲያ ነበር አልኋት» አሉ ጋሼ። «ንስሐ አባታችን ሲጠሩኝ ስላንቺ አልጠየቁኝም። አይተዋል ወይ አሉኝ። አላየሁም፣ እንዳየ ሰው ግን ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ አልኋቸው። ስግደቱ የነዚያ ሦስት ቀናት ነው። የኔ ነው። ያንቺ እዚያው አለ፤ ማንም አልነካውም።»

ከዚህ በፊት እያዘንሁ እንኳ በውስጤ አንድ መጽናኛ ነበረኝ፤ ጋሼ ስለሚወዱኝ ሸፈኑኝ የሚል። እሱም ተወሰደብኝ። እኔ ባልጽፍ ኖሮ እኒያ ሦስት ቀናት አይመጡባቸውም ነበር። ቅን ሰውን ለማያውቀው ፈተና አሳልፌ ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ወደቅሁ ብለው የራሳቸውን ለይተው ወሰዱ።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። በደብሩ አጥር ግቢ፣ ወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ተናገርሁ፤ የመምህሩን ጥያቄ፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የእትዬን ስልክ፣ ዘጠኙን ቀን። አላቋረጡኝም።

«አጎትሽ ያንቺን ስም አላነሡም» አሉ ስጨርስ። «ሠዓሊ ነኝ የሚል ሁሉ አንድ ቀን ያያል፤ እሳቸውም ደረሳቸው ብዬ ነበር።»

«አባቴ፣ እንግዲህ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ካወቁ ለገብርኤል ይቆርባሉ?»

«የሳቸው ቀኖና የሳቸው ነው። አንቺ በመናዘዝሽ የሳቸው አያጥርም።»

«ለኔም ስግደት ይስጡኝ።»

ፈገግ አሉ። «አንቺማ እግርሽ ጤና ነው፤ ስግደት ይቀልሻል። መቶ ብልሽ መቶ አሥር ሰግደሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። መልአኩን ያየ ሰው ቀርጾታል ብለው ሥዕሉን ወደ ወሰዱት ሰዎች ቤት ለቤት ሂጂ። አፍሽን ሞልተሽ አልታየም፣ እኔ ነኝ የፈጠርሁት በያቸው። በስልክ አይደለም። ካምፓስሽም እንደዚያው።»

ካምፓስ ቀላሉ ነበር። መምህራችን ጽሑፉን ከአዳራሹ ግድግዳ ሲያነሡ ጆሯቸው ቀላ። ጥያቄያቸው ስህተት እንደነበረ ነገሩኝ፤ እኔም ጥያቄው ስህተት እንዳልነበረ ነገርኋቸው። የመጀመሪያውን ረቂቅ መልሼ ሰጠሁ። ነጥብ አልቀነሱብኝም፤ ቢቀንሱብኝ ደስ ባለኝ።

ጋሼ ሥዕሉን የወሰዱትን ሰዎች ነገሩኝ፤ ዘጠኝ ቤት ነበር። በሦስት ቅዳሜ ዞርኋቸው። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ሥዕሉን መስተዋቱ ላይ ለጥፎት ነበር፤ ስነግረው ሳቀ፣ «እህቴ፣ እኔ መንጃ ፈቃድ ባይኖረኝም ገብርኤል አለኝ፣ ተይኝ» አለ። አንዲት ባልቴት አልሰማ ብለውኝ ሦስት ጊዜ ጮኼ ደገምሁት፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንድ ቤት ደግሞ ሰውየው ሥዕሉን ከግድግዳ ላይ አውርዶ፣ አጥፎ፣ በእጄ ሰጠኝና በሩን ዘጋ። ጋሼ እንዳይታጠፉ ያሉት ትዝ ብሎኝ መንገድ ላይ ቆሜ ለማቃናት ሞከርሁ፤ እጥፋቱ አልጠፋም።

የመጨረሻዋ ከከተማው ወጣ ብሎ በቡሬ መንገድ የምትኖር፣ ክንፉ እንዲህ ነበር ወይ ብላ የጠየቀችው እናት ናት። ሰባት ዓመት የሚሆናት እግሯ ያልጸናላት ልጅ አለቻት። ሥዕሉ ከልጅቱ መደብ በላይ ተሰቅሏል። ልጅቱ ተኝታ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽቅብ ሥዕሉን ታያለች።

ተናገርሁ። ለስምንት ሰዎች ተናግሬ አፌ ለምዶት ነበር፤ እዚያ ቤት ግን ተንተባተብሁ። እናትየዋ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ ሳትቆጣ፣

«ታየ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። «አልታየም የምትይኝም አንቺ ነሽ። የቱን ልመንሽ?»

«ሁለተኛውን» አልሁ።

«ሽማግሌውስ? እንዲያ ነበር ብለውኛል በአፋቸው።»

«ስለዚያ ነው የሚሰግዱት።»

ይህን ስትሰማ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ከዚያ «ሥዕሉን ላውርደው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ልክ እኔ የምወስን ይመስል።

«የገብርኤል ሥዕል ነው፤ ያ ውሸት አይደለም» አልሁ።

«እንግዲያው ይቀመጥ» አለች። «አንቺ ግን ለልጄ ሌላ ነገር እንዳትነግሪያት።» ልጅቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ጀርባዋን ማሸት ጀመረች። ደኅና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት እትዬ እንደማንኛውም ሰው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። አዲሱ ልብስ ሣጥን ውስጥ ነበር። ዘመድ ቁርባኑ ለምን ቀረ ብሎ ሲጠይቅ «እሳቸውን አሟቸው ነው» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ በእኔ ምክንያት እሳቸውም አንድ ውሸት እንደዋሹ ገባኝ።

አርባው ቀን ሲሞላ፣ አንድ እሑድ፣ ሁለቱ ቆረቡ። ዘመድ ብዙ አልመጣም፤ ለሁለተኛ ጊዜ መጥራት እትዬን ከበዳቸው። እናቴ መጣች፣ ሁለት ጎረቤቶች መጡ፣ እኔ መጣሁ። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ጋሼ እያነከሱ፣ እትዬ ክንዳቸውን ይዘው፣ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። እናቴ ዕልል አለች። እኔ ጠጋ ብዬ «እንኳን ለዚህ አበቃዎ እትዬ» አልሁ።

የቆረበ ሰው በዚያን ዕለት አፉን ይሸፍናል፣ አይናገርም። እትዬ ዓይናቸውን ጣል አድርገውብኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጎረቤቶቹም እንደዚያው ነቀነቁ። እንደ ልጃቸው ተቀብለውኝ ይሁን እንደ ማንኛውም ሰው አልፈውኝ፣ ከነጠላው በላይ ከሚታየው ዓይናቸው ብቻ ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም። ለመጠየቅም አልደፈርሁ፤ ቀኑ የሳቸው ነበር። ቤት እስክንደርስ ከእናቴ ጎን፣ ከኋላ ከኋላቸው ሄድሁ።